ብርሃን ያልነካው ፎቶ

ሲያትል አጠገብ፣ ፌደራል ዌይ፣ በእትዬ ነጂባ አፓርታማ ውስጥ፣ ፍሪጁ ላይ አንድ የተበላሸ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ከላይ የከዋክብት መስመሮች ቅስት ቅስት እየሠሩ ተደርድረዋል፤ ከታች ግን ነጭ ነገር እንደ ተደፋ ወተት ተንጣልሎ መስመሮቹን ውጧቸዋል። ሥሩ ላይ በሐመልማል የእጅ ጽሑፍ «ብዙነህ ሽንቱን ሊሸና ሲሄድ» ይላል።

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ሐመልማልም ማስረዳት አይሰለቻትም። ሰማይ ይዞራል። ካሜራውን ባለሦስት እግር መቆሚያው፣ ትራይፖዱ፣ ላይ አቁመው ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ከፍተው ቢተዉት እያንዳንዱ ኮከብ የሄደበትን መንገድ ራሱ ይስላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ታዲያ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ባትሪ አብርቶ በካሜራው ፊት ውልብ ካለ አበቃ፤ የማታው ሰማይ ሁሉ በአንድ ሽንት ሄደ ማለት ነው። ብዙነህ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ታክሲ ነጂ። እንግዳው ሲስቅበት አብሮ ይስቃል፤ ፎቶውን ከፍሪጁ ላይ ማንሳት ግን አልተፈቀደለትም።

እትዬ ነጂባ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የብዙነህና የሐመልማል ጎረቤት ነበሩ። እናታቸው ስትሞት ሁለቱን ልጆች አብልተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሲያትልም ቀድመው የገቡት እሳቸው፣ ወንድምና እህት ተራ በተራ ሲመጡ በር የከፈቱላቸውም እሳቸው። ቀን ቀን ያረጁ ፈረንጆች ቤት እየዞሩ ሲያጥቡና ሲያበሉ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ሐመልማል ያጠበችውን ፎቶ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ መብራት አስጠግተው ያያሉ። ማንንም የማትፈራው ሐመልማል ፎቶ ይዛ እሳቸው ፊት ስትቆም ብቻ ልቧ ይመታል።

ፎቶ ያስተማራት ሰው የለም። ከላይብረሪ በተዋሰችው መጽሐፍ፣ ካፒቶል ሂል በምትሠራበት ፎቶ ማጠቢያ ቤት የሌላውን ሰው ልደትና ሠርግ እያተመች፣ በራሷ ጥፋት እየተማረች ነው የያዘችው። ሰፈሩ ውስጥ አንድ የፎቶ አንሺዎች ክበብ አለ፤ ካፌ ውስጥ እየተሰበሰቡ ሥራቸውን ያያሉ። የክበቡ ሊቀ መንበር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ ሰውዬ፣ የእሷን ፎቶዎች አገላብጦ «ለጀማሪ ጥሩ ነው» ብሏታል። ጀማሪ የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰነቀረች ከረመች። ክበቡ በጥቅምት ወር የካፌውን ግድግዳ ለአባላቱ ያድላል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ በላይ የለም። ሐመልማል ለዚያች አንድ ቦታ የምትሰቅለውን ካወቀች ቆይታለች። አንድ ድንኳን፣ በድንኳኑ ጫፍ ትክክል የሰሜን ኮከብ፣ በኮከቡ ዙሪያ ሰማዩ ሁሉ ሲዞር።

ስለዚህ በዚያ በፈረንጆቹ 1997፣ በመስከረም መባቻ በሚውለው የሌበር ዴይ ዕረፍት፣ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ቆጥራ ብዙነህን ነዘነዘችው። እትዬ ነጂባ ደግሞ ጫካ ለብቻችሁ አትሄዱም ብለው ድስታቸውን፣ የገብስ ዱቄታቸውንና በፕላስቲክ ዕቃ የያዙትን የተነጠረ ቅቤ ጭነው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አይ-ፋይቭ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ሰሜን፣ ኤቨረትን አልፈው፣ ከዚያ ወደ ተራሮቹ ታጥፈው ሄዱ። ቤቶቹ እየሳሱ፣ ዛፎቹ እየተጠጋጉ መጡ። ካናዳ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው አስፋልቱ አልቆ አፈር መንገድ ጀመረ።

መንገዱ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ቆሟል፤ የድብ ሥዕል አለበት፣ ከሥዕሉ ሥር ረጅም ጽሑፍ። ብዙነህ መኪናውን አዝግሞ ምን እንደሚል ጠየቃት። ሐመልማል ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ምግብ ሜዳ ላይ አታስቀምጡ፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፣ በተለይ በዚህ ወራት ድቦቹ ለበረዶው ወራት ሊሰቡ ምግብ ያድናሉ ይላል።

«ቆሻሻችሁን ሰብስቡ ነው የሚለው» አለችው።

እንዲያ ያለችው ለክፋት አልነበረም። እውነቱን ብትነግረው መሪውን አዙሮ እንደሚመለስ ታውቃለች። ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ፍላሽም ይዛለች፤ አንድ የዱር አውሬ ቀርቦ ፎቶ ቢያስነሳት አትጠላም ነበር።

ሐይቁ ዳር ሌላ ሰው አልነበረም። ከውሃው ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ድንኳኑን ተከሉ። ሐመልማል ሣር ላይ በደረቷ ተኝታ ድንኳኑን ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ከጀርባው እስከ ሰሜን ድረስ ሰማይ ብቻ ነው፣ የሚጋርድ ተራራ የለም። ትራይፖዱን ከመሬት ሊነካ ዝቅ አድርጋ ተከለችው። ከዚያ ሁለቱን አስቀምጣ ሕጉን ነገረቻቸው። እሷ በቃ እስክትል ድረስ ባትሪ የለም፣ ክብሪት የለም፣ ሲጋራ የለም። ብዙነህ እጁን አንስቶ ማለ። እንዲያውም እንዳይፈተን መኪናው ውስጥ እንደሚተኛ ተናገረ፤ መኪናውን ከታች መንገዱ ዳር ነው ፓርክ ያደረገው።

ሲመሽ እትዬ ነጂባ ገንፎ አገነፉ። ለሦስቱ ካቀረቡ በኋላ ጠርዙ ሰማያዊ በሆነ የብረት ሳህን የቀረውን አደረጉ፤ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርገው ቅቤ ሞሉት፣ ይዘውትም ወደ ዛፎቹ ሄዱ። ሐረር ውስጥ በዓሹራ ቀን ሰዎች ከከተማው ወጥተው ለጅብ ገንፎ እንደሚያቀርቡ ወንድምና እህት ያውቃሉ። ጅቡ ቀምሶ ግማሽ ያህሉን ከተወ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ ጠራርጎ ከበላ ግን፣ ወይም ንክች ሳያደርገው ከሄደ፣ ክፉ ነው። እትዬ ነጂባ ያንን ልማድ ይዘውት ነው የመጡት፤ አገሩ የአውሬ ከሆነ ለባለአገሩ ድርሻውን ሳይሰጡ መተኛት ለእሳቸው ነውር ነው።

ሐመልማል ዛሬ ዓሹራ እንኳ አይደለም ብላ ቀለደችባቸው።

«አውሬ ካላንደር አለው?» አሉ ሳህኑን እያስቀመጡ። «ያበላሽው አይነካሽም።»

ሰሌዳው ትዝ አላት። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ፈንታ ፍላሹን ከቦርሳዋ አወጣች።

ያን ማታ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። የካሜራውን ዓይን፣ ሻተሩን፣ ከፍታ ትንሽ እንደቆየች ከካናዳ በኩል ደመና መጥቶ ሰማዩን ከደነው፤ ለአውሬው ያዘጋጀችውን ፍላሽ እንደታቀፈችም እንቅልፍ ጣላት። ጠዋት እትዬ ነጂባ ዛፎቹ ሥር ቆመው አገኘቻቸው። ግማሽ መብላቱን ወይም ጠራርጎ መብላቱን ለማየት ነበር የሄዱት። ሳህኑ ራሱ የለም።

«ሳህን ይዞ የሄደ ጅብ ሰምቼ አላውቅም» አሉ።

ብዙነህ ፊቱን ሊታጠብ ወርዶ ሐይቁ ዳር አገኘው። ጠርዙ እንደ ወረቀት ተጣጥፏል፣ ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳ አለበት። ጣቱን በአንዱ ቀዳዳ አሾልኮ ሲያሳያቸው ለቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀለትም። እትዬ ነጂባ ሳህኑን ተቀብለው በነጠላቸው ጠቀለሉትና ወደ ቤት እንሂድ አሉ። ብዙነህም ኦኬ ብሎ ወዲያው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ሐመልማል አንድ ማታ ብቻ አለች። ደመናው እንደሚገፈፍ፣ ጨረቃ እስከሚቀጥለው ወር እንዲህ እንደማትመቻት፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ዝናብ እንደሚሆን አስረዳች። ጀማሪ ያላትን ሰውዬ መነጽር ሳይቀር አነሳች። እትዬ ነጂባ አዩዋት፤ ልጅ እያለች ዳቦ ስትለምናቸው ሲያዩዋት እንደነበረው። እሺ አሉ።

ያን ማታ ገንፎ አላገነፉም። የቅቤውን ዕቃ ግን በደንብ ከድነው፣ በልብሳቸው ጠቅልለው፣ ድንኳኑ ውስጥ ከራስጌያቸው አኖሩት። የሐረር ጅብ የተከደነ አይከፍትም፤ ቤት ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ የቤት ነው። ሐመልማል ሲያስቀምጡት አይታለች።

ሰማዩ ጠራ። እንደዚያ ያለ ሰማይ አይታ አታውቅም፤ ከላይ ጀምሮ እስከ ሐይቁ ጠርዝ ድረስ ኮከብ ነው። ብዙነህ ወደ መኪናው ወረደ፤ የመስኮቱ መስታወት ሲዘጋ ተሰማ። እትዬ ነጂባ ሶላታቸውን አድርሰው ድንኳኑ ውስጥ ተኙ። ሐመልማል የሻተሩን መክፈቻ ገመድ ተጭና ቆለፈችው፤ ዓይኑ ተከፍቶ ቀረ። ሣሩ ላይ ከካሜራው ጎን ተቀመጠች። ባትሪው እጇ ውስጥ ነበር፣ ውሻ ቢጤ ቢመጣ ለማባረር።

ብዙ ከቆየች በኋላ መጀመሪያ የመጣባት ሽታው ነው። እርጥብ ምንጣፍ፣ የበሰበሰ ፍሬ። ቀጥሎ ዛፎቹ ሥር፣ ትናንት ሳህኑ ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ፣ የትንፋሽ ድምፅ መጣ። መሬቱን ያሸታል። ያጣል። እንደገና ያሸታል። ድምፁ ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ፤ አይቸኩልም፣ የሚሄድበትን እንደሚያውቅ እንግዳ ነው አረማመዱ።

አውራ ጣቷ ባትሪው ማብሪያ ላይ ነበር። ብትጫነው እንስሳው ይደነግጥ ይሆናል፤ ብትጮህም ብዙነህ ይነሳል። ካሜራው ግን ተከፍቷል። የሰሜን ኮከብ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ነው። ትንሽ ልጠብቅ አለች በሆዷ፤ ያልፋል፣ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው። ደግሞ አውሬ ብርሃን ሲበራበት ይቆጣል ሲባል ሰምታለች። የት እንደሰማችው ግን ማስታወስ አልቻለችም።

ድንኳኑ አጠገብ በሁለት እግሩ ቆመ። አላየችውም፤ ያየችው ኮከብ መጥፋቱን ነው። ከድንኳኑ ቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሰው በሚያክል ቦታ ኮከብ የለም። ጨለማው ይተነፍሳል።

ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ነጂባ ነቅተዋል። ድምፃቸው መጣ፤ በር ላይ ለቆመ ለማኝ እንደሚናገሩት ዝቅ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ።

«ትናንት በልተሃል። ዛሬ የለኝም፣ አላህ ይስጥህ።»

ጨለማው አልተነቃነቀም። ሐመልማል ጣቷን ማብሪያው ላይ እንዳደረገች ነው። አሁን፣ አለች። አሁን። ጣቷ ግን የሌላ ሰው ጣት ሆነ። ያ ኮከብ የሌለበት ጨለማ እዚያው እንደቆመ፣ ከዋክብቱ ሁሉ በዙሪያው እየዞሩ፣ ተቀመጠች። እትዬ ነጂባ አንድ ጊዜ «ሐመልማል?» አሉ።

ሸራው ተቀደደ።

ሐመልማል ዘላ ተነሳች። በኋላ ደጋግማ የምታስታውሰው ይህችን ነው፦ ከመጮኋ በፊት፣ ባትሪውን ከማብራቷ በፊት፣ ግራ እጇ ወርዶ የሌንሱን ክዳን ገጠመ። ጠቅ ያለው ተሰምቷታል። ያን ጊዜ አበራች፣ ያን ጊዜ ጮኸች። ብርሃኑ ውስጥ ሰፊ ጥቁር ጀርባ፣ የተንጠለጠለ ሸራ፣ ከዚያም የቅቤውን ዕቃ ከነልብሱ ነክሶ ቁልቁል የሚሮጥ ነገር አየች። ከታች የብዙነህ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መብራቱን አበራ።

እትዬ ነጂባ ብርድ ልብሱን እስከ አናታቸው ተከናንበው እንደተኙ ነበሩ። ሲገልጧቸው ከትከሻቸው እስከ ክንዳቸው ደም ነው።

መኪናው ውስጥ፣ ወደ ሆስፒታል ሲበሩ፣ ብዙነህ መሪው ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ የት ነበርሽ አላት። ሐመልማል የእትዬ ነጂባን ራስ ጭኗ ላይ ይዛለች። እንደመጣ አበራሁበት አለች። ፊቱ ላይ አበራሁበት፣ አልሸሸም፣ ብርሃን አይፈራም። ቃሉ በጣም ቀልሎ ነው የወጣው። እትዬ ነጂባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ፎቶሽስ?»

«ተቃጠለ» አለች። «ይቃጠል።»

ደህናውን እጃቸውን አንስተው ጉንጯን ዳሰሷት፣ መረቋት።

ቁስሉ ደረቀ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከትከሻ በላይ አልነሳ አለ፣ አሮጊቶቹን አንስቶ የማጠቡም ሥራ ቀረ። የጫካው ጠባቂ ስልክ ደውሎ ድቡ ሌላ ድንኳን ሊገባ ሲል መገደሉን ሲነግራቸው አለቀሱ፤ ጠርቼ ያስገደልኩት እኔ ነኝ አሉ። ሐመልማል ስለ ሰሌዳው አልተነፈሰችም። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሁሉ ግን አንድ ነገር ሳይናገሩ አያሰናብቱትም፦ ይህች ልጅ ስንት ወር የለፋችበትን ፎቶ ለእኔ ስትል በብርሃን አቃጠለችው። እንግዳው ወደ ሐመልማል ዞሮ ያያታል። ሐመልማል ጎንበስ ብላ ብርጭቆ ትሰበስባለች። የብዙነህን ፎቶ ከፍሪጁ ላይ ያወረዱትም እሳቸው ናቸው፤ ከእንግዲህ በፎቶ አትቀልዱ ብለው።

ፊልሙን ማጠቢያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ለብቻዋ አጠበችው። ልትጥለው ነበር ሐሳቧ። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ሲወጣ ግን ተንበርክካ አየችው። የድንኳኑ ጫፍ፣ ያቺ የማትነቃነቅ ኮከብ፣ በዙሪያዋ ሰማዩ በሙሉ። ከድንኳኑ በስተቀኝ ደግሞ መስመሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይቋረጣሉ፤ ክፍተት ይሆናል፤ ከክፍተቱ ማዶ ጥቂት ይቀጥሉና ያልቃሉ። ክፍተቱ ትከሻ አለው፣ ራስ አለው። ሰማይ በሰዓት ምን ያህል እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው ያ ነገር ስንት ደቂቃ እንደቆመ በማስመሪያ ለክቶ ይደርስበታል። ሐመልማል ለካችው። ያገኘችውን ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ አልተናገረችም።

ጥቅምት ሲመጣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው ሰውዬ ፎቶውን ተቀብሎ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደው። ፎቶው ከካፌው በር ፊት ለፊት፣ ከሁሉም መሃል ተሰቀለ። ሐመልማል ለቤት ሰው አልተናገረችም። ካፒቶል ሂል የት፣ ፌደራል ዌይ የት፤ ማን ይሰማል ብላ ነው።

ብዙነህ ግን ታክሲ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ሊያወርድ ካፌው ፊት ቆሞ በመስታወቱ ውስጥ ስሟን አነበበ። በደስታ ራሱን አያውቅም ነበር። በማግስቱ እትዬ ነጂባን ነጠላቸውን አልብሶ፣ ሰርፕራይዝ ነው ብሎ ይዟቸው መጣ።

ሐመልማል ከሥራ ወጥታ ፎቶዋን ለማየት ስትገባ ፊቱ ቆመው አገኘቻቸው። ብዙነህ ፎቶ ተገኘልሽ ማለት ነው እያለ፣ ከተቃጠለው ሌላ ነው አይደል እያለ፣ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። እትዬ ነጂባ ወደ ፎቶው መስታወት ተጠግተዋል። ድንኳናቸውን አውቀውታል። በግራ እጃቸው ጣት ክፍተቱን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ቀስ ብለው፣ ሄዱበት።

«ይኼ እሱ ነው?»

«አዎ።»

«ይህን ያህል ቆሞ ነበር?»

እሳቸው ጣታቸውን አንስተው ፎቶው ላይ ነጭ ነገር ፈለጉ፤ ያንን የተደፋ ወተት፣ ፍሪጁ ላይ ዓይናቸው የለመደውን። ጥጉን ሁሉ አዩ። የለም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ወደ በሩ ሄዱ።

በመኪና ሲመለሱ አልተቆጡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም። በማግስቱም እንዲሁ። ሐመልማል ወደ ኩሽና ለመግባት አፍራ፣ ሥራ ቦታም ምንም ሳትቀምስ፣ ቀኑን ባዶ ሆዷን ዋለች። ሲመሽ ክፍሏን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ኮሪደሩ ላይ የእግር ድምፅ መጣ፣ በሯ ፊት ቆመ፣ ተመለሰ። ከዚያ ከኮሪደሩ ማዶ የእትዬ ነጂባ በር ቁልፍ ሲዞር ተሰማ። በዚያ ቤት በር ተቆልፎ አያውቅም።

ስትከፍት ሰው የለም። ደፉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የብረት ሳህን ተቀምጧል፤ ድቡ የበሳው የዚያኛው ሳህን ጓደኛ። ገንፎው ይጨሳል። መሃሉ ጎድጉዶ ቅቤ ተሞልቷል። ማንኪያ የለውም።

ብዙ ቆመች። ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ቁጢጥ አለች፣ በእጇ ቆርሳ ቅቤው ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ትኩስ ነው። እንደ ልጅነቷ ነው የሚጣፍጠው። አንድ ጊዜ ደገመች፣ ደገመች፣ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ፣ ረሃቧ ከእሷ እየቀደመ።

ጣቷ የሳህኑን ወለል ሲነካ ነው ግማሹን መተው እንደነበረባት ያስታወሰችው።